የመጠጥ ፈቃድ በሐጂ ቤት

ሰው ቤት ይከራያል። መኪና ይከራያል። ለሠርጉ ሱፍ ልብስ የተከራየ ሰውም አውቃለሁ፤ ሱፉን ሳይመልስ ሁለተኛ ሚስት አገባበት። እኔ ግን ከጭሮ ነዋሪ ሁሉ ተለይቼ ስም ተከራየሁ።

ከመጀመሪያው ላውጋችሁ። ወደ ጭሮ ያመጣኝ መምህርነት ነው። ተወልጄ ያደግሁት ደብረ ማርቆስ ነው። ፊዚክስ አስተምር ብለው ሲመድቡኝ ለአንድ ዓመት መስሎኝ አንድ ሻንጣና አንድ ብርድ ልብስ ይዤ መጣሁ። ዓመቱ ዓመት እየወለደ እዚሁ አረጀሁ ማለት ይቻላል። ጉሮሮዬ በጠመኔ ብናኝ ሲዘጋ ማስተማሩን ተውኩና ከባለቤቴ ከወይንሸት ጋር ሆቴል ከፈትን። ሆቴል ስላችሁ ምንጣፍና አሳንሰር እንዳታስቡ። ከታች ምግብ ቤት፣ ከላይ መኝታ፣ ከኋላ ውሻ። ወደ ሐረርና ድሬዳዋ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ለስብሰባ የሚመጣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የጫት ነጋዴ፣ ከሐረር በኩል ወደ አሰቦት ገዳም የሚወርድ ተሳላሚ ያርፍብናል።

ቤቱ የሐጂ ሙሜ ነው። ሐጂ ሙሜን የማያውቅ የጭሮ ሰው ካለ ገና ያልተወለደ ነው። በጉብዝናቸው ዘመን ጫት ነግደዋል፣ አሁን ግን ሥራቸው ሰው መጠየቅ ነው። የታመመ ይጠይቃሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ፣ ያላገባን ወንድ መንገድ ላይ አቁመው ምክንያቱን ያጣራሉ። ለኛም እንደ አከራይ ሆነውብን አያውቁም። ኪራይ የሚጨምሩት እንኳ እንደ ለቅሶ ደራሽ አንገታቸውን ደፍተው ነው። እኔን የሚጠሩኝ «ባርሲሳ» እያሉ ነው፤ በኦሮምኛ መምህር ማለት ነው። ማስተማር ከተውኩ ስንት ዘመኔ ቢሆንም «አንድ ጊዜ ሐጂ የሆነ ሐጂ ነው፤ ባርሲሳም እንደዚያው ነው» ይላሉ።

እንግዲህ በዚህ ሰላም መሀል ነው አዲስ አበባ ለሆቴል ባለቤቶች ሥልጠና የሄድኩት። አዳራሹ ቀዝቃዛ፣ ወንበሩ ለስላሳ፣ ተናጋሪው ደግሞ ጫማው ፊት የሚያሳይ ሰው ነበር። «ሰው ሆቴል ገብቶ የሚተኛው አልጋ ላይ አይደለም። ስም ላይ ነው!» አለ። እጄ ሳላዘው አጨበጨበ። ሥልጠናውን ያዘጋጀው ድርጅት አዲስ አበባ ውስጥ የታወቀ የሆቴል ስም አለው፤ ስሙን፣ ሰሌዳውንና አሠራሩን ለክፍለ ሀገር ሆቴሎች ያከራያል። ነገሩ ፍራንቻይዝ ይባላል። ጭሮ ተመልሼ ለወይንሸት ይህንኑ በስሜት ሳስረዳት እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝና፣

«እኔ ግን አንሶላዎቹን ብንቀይር ይሻላል እላለሁ» አለች።

ሐጂ ሙሜ ደግሞ ሲሰሙ ሁለት እጃቸውን ከዘራቸው ላይ ጭነው በሐዘን አዩኝ።

«ስም ይከራያል?»

«አዎ ሐጂ። ዘመናዊ አሠራር ነው።»

«ባርሲሳ፣ ታዲያ ለምን አልጠየቅከኝም? ‹ሙሜ› የሚለውን በነጻ እሰጥህ ነበር።»

ከተማው ውስጥ ፍራንቻይዝ የሚለው ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲተላለፍ ተሸራርፎ «ፈረንሳይ» ሆነ። ሰሌዳው የተሰቀለ ቀን ባለ ባጃጆቹ ሁሉ «ፈረንሳዮቹ ጋ» እያሉ ሰው ማምጣት ጀመሩ። አንድ ከቦኬ የመጣ ገበሬ ጠዋት ገብቶ ፈረንሳዩን ማነጋገር እፈልጋለሁ አለ። እኔን ሲያሳዩት ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ዝም ብሎ ሻይ አዘዘ።

ስሙ ከተሰቀለ በኋላ ጥቂት ሰነበትን። ድርጅቱ ቅርንጫፎቹን የሚቆጣጠርለት ናትናኤል የሚባል ወጣት አለው፤ ድምፁ ለስላሳ፣ ጥያቄው ግን እሾህ ነው። አንድ ቀን ደወለ።

«ባሩስ እንዴት ነው?»

«የትኛው ባር?»

«ውሉ ላይ ያለው። እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ሕጋዊ የመጠጥ ፈቃድ ያለው ባር ይኖረዋል ይላል እኮ። እስከ መስከረም ካልተከፈተ ስሙ ይነሳል፣ የከፈላችሁትም አይመለስም።»

ያን ውል ስፈርም ያነበብኩት የመጀመሪያውን ገጽና የራሴን ስም ነበር። ተማሪዎቼን «ጥያቄውን ሳታነቡ አትመልሱ» እያልኩ ስገርፍ የኖርኩ ሰው! የከፈልነው ደግሞ የወይንሸት ዕቁብ ነው። እናንተ፣ የሰው ገንዘብ ቢጠፋ ፖሊስ አለ፤ የሚስት ዕቁብ ግን ቢጠፋ ወዴት ይኬዳል?

ችግሩ ገብቷችኋል። ቤቱ የሐጂ ሙሜ ነው። በኪራይ ውላችን ላይ መጠጥ ክልክል ነው የሚል ቃል የለም። ግን ቤቱን አታቃጥል የሚልም የለም። የሚታወቅ ነገር አይጻፍም።

«ዛሬውኑ ሄደህ ንገራቸው» አለች ወይንሸት።

«እነግራቸዋለሁ። ግን መጀመሪያ ፈቃዱ ይሰጠን እንደሆን ልይ። ካልተሰጠን ሽማግሌውን በከንቱ ለምን አሳዝናለሁ?»

የፈሪ ሰው ብልሃት ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ያዘነ ይመስላል።

ፈቃድ ወደሚሰጥበት ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ባለሙያ ጀማል ይባላል። በሕይወቴ እንደ ጀማል ያለ ትሑትና ንጹሕ ሠራተኛ አላየሁም። ሻይ ብጋብዘው «ሥራ ላይ ነኝ» አለ፤ ከሥራ ውጭ ብጋብዘው «ጉዳይ አለህ» አለ። ክፍያውን ሲነግረኝ ተደሰትኩ፤ ከአንድ በግ የማይበልጥ ነበር። «ይኸው ብቻ ነው?» ስለው ወረቀቶቼን ገለባበጠና ፈገግ አለ።

«ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታለች።»

ወዳጆቼ፣ «ትንሽ ነገር» የምትለዋን ቃል ከዚያ ወዲህ ስሰማ መውጫ በሩን እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያዋ ትንሽ ነገር በር ነበረች። ባሩ ከምግብ ቤቱ የተለየ መግቢያ ይኑረው። እኛ ጥግ ላይ አንዲት ክፍል አለችን፤ ድሮ ሐጂ ለብቻዋ ያሠሯት ሱቅ ነበረች፣ ካርታዋም ለብቻው ነው፤ እኛ ድንችና ሽንኩርት እናስቀምጥባታለን። የመንገድ በሯ ከተደፈነ ዘመን አልፎታል። ግንበኛ ጠርቼ «እዚህ ጋ ክፈት» አልኩት። የፊዚክስ መምህር ስለሆንኩ የት እንደሚመታ ያመለከትኩት እኔ ነኝ። መዶሻው ግድግዳው ውስጥ ያለፈውን ዋናውን የውሃ ቧንቧ አገኘው።

ውሃው በግንበኛው ላይ፣ በድንቹ ላይ፣ በኔ ላይ ወረደ። ከዚያ ደግሞ ከላይ በኩል ጩኸት መጣ። ለሥልጠና የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ ሳሙና ተቀብቶ እንዳለ ውሃው ተቋርጦበት፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ፎጣ አገልድሞ ኮሪደሩን እየዳበሰ «ውሃ! ኧረ የውሃ ያለህ!» ይላል። ከታች ጎርፍ፣ ከላይ ድርቅ። ወይንሸት ሌላ መላ ስታጣ ከመደርደሪያው የታሸገ የመጠጥ ውሃ እያነሳች ወደ ላይ ሮጠች። ሰውየው በታሸገ ውሃ ተለቃልቆ ወጣ። በማግስቱ ሲሄድ «እንደዚህ ያለ አገልግሎት የትም አላየሁም» ብሎኛል። እስካሁን ምስጋና ይሁን ስድብ አልለየሁትም።

ሐጂ የቧንቧውን መሰበር ሰምተው በአንድ ሰዓት ውስጥ ደረሱ።

«ባርሲሳ፣ ይሄ ቤት አርጅቷል። ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ።

«የለም ሐጂ፣ እኔ ነኝ…»

«ዝም በል! ቤት ሲያረጅ ባለቤቱ ነው የሚጠየቀው።» የራሳቸውን ቧንቧ ሠራተኛ አስጠርተው፣ ቧንቧውን በሙሉ በገንዘባቸው አስቀየሩ። እግረ መንገዳቸውን «በር የከፈትክ እንደሆነ ደግ ነው፣ ድንቹ አየር ያገኛል» ብለው በሩንም በብረት አሠሩልኝ። ሐጂ ሙሜ በእጃቸው፣ በገንዘባቸው፣ ከምርቃት ጋር፣ የባሩን በር አሠሩ። ወይንሸት በመስኮት ሆና ታየኛለች።

ሁለተኛዋ ትንሽ ነገር የጤና ምርመራ ነበረች። ሠራተኞች ብቻ መስለውኝ ነበር፤ ባለቤቱም ይጨመራል። በትንሽ ዕቃ የሚሰጠውን ነገር ይዤ ጤና ጣቢያ ተሰለፍኩ። መስኮቱ ጋ ስደርስ የሚቀበለው ልጅ ፊቱ በራ። «ቲቸር!» ብሎ ጮኸ። የቀድሞ ተማሪዬ ነው፤ በፊዚክስ ወድቆ ወላጅ አምጣ ያልኩት። ዕቃውን ተቀብሎ ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጎ፣ ሰልፉ ሁሉ እያየ፣ ልክ እኔ የፈተና ወረቀት እንደምመልስበት ባለ ድምፅ፣ «ቲቸር፣ ይሄ አይበቃም። እንደገና ይሥሩ» አለኝ።

በዚህ መሀል ለሐጂ ልነግራቸው አልሞከርኩም እንዳትሉ። ሞክሬያለሁ። አንድ ቀን ከምሳ በኋላ በርጫቸው ላይ ሄድኩ። ጫት ቅሜ አላውቅም፤ ግን ባዶ እጁን የተቀመጠ ሰው ነገር የያዘ ይመስላል ብዬ አንድ ሁለት ቅጠል አኘክሁ። ወዲያው ልቤ ሞላ፣ አንደበቴ ተፈታ፣ ዓለም ሁሉ በንግግር የሚስተካከል መሰለኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «ሐጂ፣ ዛሬ አንድ ትልቅ ነገር ልነግርዎ ነው» አልኩ። ሁሉም ወደኔ ዞረ። እኔም ጀመርኩ፤ ብርሃን በቀጥታ መሥመር እንደሚጓዝ፣ ቀስተ ደመና ለምን እንደሚጎብጥ ሰፋ አድርጌ አስረዳሁ። ዓሱር ሰላት ሲደርስ ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ተነሱ። ሐጂ እጄን ይዘው «እውቀት ነው፣ ወላሂ እውቀት ነው» አሉኝ። ባሩ አልተነሳም።

ሦስተኛዋ ትንሽ ነገር ርቀት ነበረች። ባሩ ከጸሎት ቤትና ከትምህርት ቤት በቂ ርቀት ላይ መሆኑ ይለካ ተባለ። ጀማል ረጅሙን የመሬት መለኪያ ሜትር ይዞ መጣ፤ የመጣው በገበያ ቀን ነው። አንዱን ጫፍ እኔ፣ ሌላውን እሱ ይዘን ዋናውን መንገድ ይዘን ወጣን። ሜትሩ በፍየል እግር ሥር፣ በአህያ ሆድ ሥር፣ በጫት እስር መሀል ያልፋል። እኔ ጎንበስ ብዬ በጠመኔ አስፋልቱ ላይ ምልክት አደርጋለሁ። የመምህርነት ቅሪት።

ከሆቴላችን ጎን ዘይነባ አለች። ቅመምና የፕላስቲክ ዕቃ የምትሸጥ፣ ምላሷም ልቧም ፈጣን ሴት ናት። ሜትሩ በደጇ ሲያልፍ ብድግ አለች።

«ወንድሜ፣ ምንድን ነው የምትለኩት?»

ምን ልበላት? ባር ልበላት? «እ… ትንሽ የቢሮ ጉዳይ ነው» አልኳት።

«ወደ ውስጥ ስንት ይገባብኛል?»

«ገና አልተወሰነም» አልኩ፤ ዝም እንድትል ብዬ።

ዘይነባ ወደ ጀማል ዞረች። ጀማል ደግሞ እንደ መርሁ «መረጃ መስጠት አልተፈቀደልኝም» አላት።

አለቀ። በዚህ ዘመን ሁለት ሰው ሜትር ይዞ በመንገድ ዳር ሲሄድ፣ አንዱ «አልተወሰነም» ሌላው «አልተፈቀደልኝም» ካለ፣ ሰው የሚሰማው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ኮሪደር ልማት ነው! ሊያፈርሱን ነው!» የሚለው ድምፅ ከኛ ሜትር ቀድሞ መንገዱን ጨረሰው። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛውን ግማሽ ራሱን ላጭቶ ትቶት መስተዋቱን ከግድግዳ ያወርዳል። ዘይነባ የደጇን ቆርቆሮ በገዛ እጇ ትነቅላለች። አንድ ልብስ ሰፊ ክንዴን ይዞ በጆሮዬ፣ «ባርሲሳ፣ ልጅህን ያሳድግልህ፣ ሜትሩን ትንሽ ወደዚያ ገፋ አድርገው» ይለኛል። «ልጅ የለኝም» ስለው «ይስጥህ!» አለኝ። ሌላው የጠመኔው ምልክት ላይ ቆሞ በእግሩ እያሸ ያጠፋል። እኔ እነሱን ላረጋጋ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ባር የምትለዋ ቃል አልወጣም ትላለች፤ የማወጣው «አይዟችሁ፣ ሁሉም በሕግ ነው» የሚል ብቻ ነው። ይህን ሲሰሙ ጨርሶ ባሰባቸው።

ጀማል ግን የሆነው ሁሉ እንዳልሆነ ሜትሩን ጠቀለለና፣ «ርቀቱ ያልፋል። እንኳን ደስ አለህ። አሁን ትንሽ ነገር ብቻ ቀርታለች፤ አከራይህ ቀርበው ተቃውሞ የለኝም ይበሉ» አለኝ።

ላቤን ሳልጠርግ መልእክተኛ መጣ። ሐጂ ሙሜ ይፈልጉሃል።

ሐጂ ቤት ስደርስ ደጁ በጫማ ተሞልቷል። ውስጥ የመንገዱ ባለሱቅ ሁሉ አለ፤ ሽማግሌዎች በፍራሽ ላይ፣ ሴቶች በር ላይ፣ ፀጉር አስተካካዩ መስተዋቱን እንደታቀፈ። ግማሽ የተላጨው ሰውየም ተከትሎት መጥቷል። ሐጂ መሀል ላይ ተቀምጠው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«ባርሲሳ፣ አካም» አሉኝ፤ ደህና ነህ ወይ ማለታቸው ነው። «ሜትር ይዘህ አየንህ አሉ። አንተ የተማርክ ነህ፣ አትዋሽም። ቤታችን ይፈርሳል?»

«አይፈርስም ሐጂ።»

«ታዲያ ሜትሩ ምንድን ነው?» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ወለሉን አየሁ። ጣሪያውን አየሁ። የሚያግዘኝ አልነበረም።

«ሜትሩ… ለኔ ነው። ለሆቴሉ። እነዚያ አዲስ አበባ ያሉት ሰዎች ባር ክፈት ብለውኝ… የመጠጥ ፈቃድ ልወስድ… ርቀት እያስለካሁ ነው።»

«ምን መጠጥ?»

«ቢራ። ውስኪም ትንሽ ይኖረዋል።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ኪራይ እከፍላት ነበር። ከዚያ በር ላይ ዘይነባ ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘረጋች።

«አልሐምዱሊላህ! ቢራ ብቻ ነው?»

ቤቱ እንደ ሠርግ ቤት ተናወጠ። ሰው ተቃቀፈ። ልብስ ሰፊው ግንባሬን ሳመኝ። አንድ ጢማም ሽማግሌ እጄን ጨብጠው «አላህ ይባርክልህ ልጄ!» አሉና፣ የመረቁት ምን እንደሆነ ሲገባቸው «አስተግፊሩላህ፣ አስተግፊሩላህ» እያሉ ጫማቸውን ፍለጋ ወጡ። ባር ሊከፈት ነው ተብሎ እንዲህ ደስ ያለው የሰላት ሰው ከዚያ በፊት አላየሁም፤ ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ሁሉም ሲወጣ ሐጂና እኔ ብቻ ቀረን።

«ቧንቧውን የሰበርከው ለዚሁ ነው?»

«አዎ ሐጂ።»

«በሩንም እኔ ነኝ ያሠራሁት።»

«አዎ።»

«ድንቹ አየር ያገኛል ብዬ።»

አንገቴን ደፋሁ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ አለቀሱ ብዬ ደነገጥኩ፤ ቀና ስል ይስቃሉ። እስኪያስላቸው ሳቁ። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፊታቸው እንደገና ከበደ።

«እኔን የከፋኝ ቢራው አይደለም» አሉ። «እሱ ያንተና የጌታህ ጉዳይ ነው። የከፋኝ ዘይነባ፣ ፀጉር ቆራጩ፣ ግማሽ የተላጨው ሰውዬ፣ እኔ፣ ሁላችን እኩል መስማታችን ነው። ከባዕድ እኩል። እኔ ላንተ ባዕድ ነኝ?»

ከዚህ የሚያምም ዱላ የለም። አስተማሪ ሆኜ ብዙ ገርፌያለሁ፤ እንዲህ አድርጌ ግን ማንንም አልመታሁም። ይቅርታ ጠየቅሁ፤ ስለ ወይንሸት ዕቁብ፣ ስለ ውሉ፣ ስለ መስከረም ሁሉንም ነገርኳቸው። ቢሮ ቀርበው ተቃውሞ የለኝም ማለት እንዳለባቸው ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አለኝ። ብዙ ተቃውሞ ነው ያለኝ። ሰው ፊት ልዋሽ?»

«አይዋሹም ሐጂ። እተወዋለሁ።»

«የወይንሸት ገንዘብስ?»

ከዘራቸውን አንስተው «ሀዬ፣ እሺ፣ ነገ ና» ብለው አሰናበቱኝ።

በማግስቱ ውልና ማስረጃ ወሰዱኝ። ምን እንደሚያደርጉ አልነገሩኝም፤ እኔም ከቤት ሊያስወጡኝ መስሎኝ ጫማዬን እያየሁ ተከተልኳቸው። ባለሙያዋ ፊት ቆመው፣ የጥጓን ክፍል ካርታ ከኮታቸው አውጥተው፣ «ይቺን ለዚህ ሰው ሰጥቻለሁ። በስሙ ይሁን» አሉ።

«ሐጂ! ምን እያሉ ነው?»

«ክፍሏ የኔ ከሆነች፣ ከመጠጥ ቤት ኪራይ በላሁ ማለት ነው፤ ሐራም ነው። አልፈቅድም ብዬ ያቺ ልጅ ገንዘቧን ብታጣ ደግሞ እሱም አያስተኛኝም። የኔ ካልሆነች ማንም እኔን አይጠይቅም፣ እኔም አልዋሽም።»

«አልቀበልም። በፍጹም።»

«ዝም ብለህ ፈርም ባርሲሳ። ስጦታ ነው እንጂ ፈተና አይደለም።»

ፈረምኩ። ፈቃዱ ራሱ ከአንድ በግ የማይበልጥ ነው አላልኳችሁም? ሐጂ ሙሜን ያስከፈላቸው ግን አንድ ሱቅ ነው። ወይንሸት ስትሰማ ነጠላዋን አጣፍታ ሄዳ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ አለች፤ እሳቸው ደግሞ እሷን ሊያነሱ ጎንበስ ሲሉ ተጋጩና ሁለቱም ግንባራቸውን ይዘው ሳቁ።

ባሩ ከመስከረም በፊት ተከፈተ። ናትናኤል ከአዲስ አበባ መጥቶ ብርጭቆውን፣ መብራቱን፣ መደርደሪያውን አንድ በአንድ አየ፤ ሁሉንም ወደደ። ደስ ብሎኝ «ታዲያ ምን ይቀዳልህ?» አልኩት። ዙሪያውን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ እንኳ ጌታን ያገኘሁ ሰው ነኝ። አልጠጣም። ለስላሳ ካለ…»

ለዚህ ሰው ስል ነው ድንቼን ከቤቷ ያፈናቀልኩት።

ደንበኞች ግን መጡ። ከጎንደር፣ ከወለጋ፣ ከሐዋሳ ተመድበው የመጡ መምህራንና ነርሶች ከሥራ ሲወጡ ይሰበሰባሉ፤ ይጫወታሉ፤ ጥሩ ነበር። ግን ሐጂ ሙሜ ለመግሪብ ሰላት ወደ መስጊድ የሚሄዱት በዚያ ደጅ ነው። አይገቡም፤ በሩ ላይ ቆም ይላሉ። በዚያች ቅጽበት ባሩ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እንደ ክፍል ተማሪ ይነሳል። ጠርሙሱ ከጠረጴዛ ሥር ይገባል። ሐጂም አንድም ሰው አያልፉም።

«አንተ፣ እናትህ ተሻላት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ሐጂ፣ ተሻላት።»

«ዓይኗን ነበር አይደል? የትኛውን?»

የተጠየቀው ነርስ ቢራውን ኮቱ ውስጥ ደብቆት ነበር። የእናቱን ግራ ዓይን ሲያስረዳ ቢራው ይገነፍልና በሱሪው ይወርዳል፤ እሱ ግን እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል። ሐጂ የሁሉንም ቤተሰብ ጠይቀው፣ ያላገቡትን ገሥጸው ሲሄዱ ቢራው ሞቋል፣ ጨዋታው ቀዝቅዟል።

አንድ ቀን በዘዴ፣ «ሐጂ፣ በታችኛው መንገድ ቢሄዱ መስጊዱ ይቀርብዎታል» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። በዚያ በኩል ግን ልጆቹን አላገኛቸውም» አሉኝ።

ልጆቹ አከበሯቸው፤ አክብረዋቸውም ሌላ መጠጥ ቤት ሄዱ። መጀመሪያ ነርሱ፣ ቀጥሎ መምህራኑ። ቢራው መደርደሪያ ላይ ቀረ። እኔ እንዳልጠጣው ጨጓራ አለብኝ፤ ወይንሸት እንዳትጠጣው አትወደውም። ዓመቱ ሲዞር ፈቃድ ላድስ ጀማል ጋ ሄድኩ። ወረቀቱን አይቶ ፈገግ አለና አፉን ሊከፍት ሲል፣ «አትጨርሰው ወንድሜ» ብዬው ወጣሁ፤ ባሩም በዚያው ተዘጋ።

ናትናኤል ሰሌዳውን ሊያስነሳ ሲመጣ አፍሮ ነበር፤ ምሳ አብልተን፣ ለስላሳ አጠጥተን ሸኘነው። ስሙ ከነወይንሸት ዕቁብ ከሄደ በኋላ የመጣውም እንግዳ የድሮው፣ የሄደውም እንግዳ የድሮው ነው።

የቀረው የክፍሏ ጉዳይ ነበር። ካርታዋን ይዤ ሐጂ ዘንድ ሄድኩ። «ይኸው፣ ባሩ ተዘግቷል። ክፍልዎን ይውሰዱ» አልኳቸው።

«የሰጡትን መልሶ መውሰድ የተፉትን መላስ ነው» ብለው ካርታውን በከዘራቸው ጫፍ ወደኔ ገፉት።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሐጂ በባጃጅ መጡ። ባጃጁ ውስጥ አንድ ፍራሽ፣ ሁለት ትራስ፣ አንድ ሬዲዮና የሻይ ፔርሙዝ አለ። በሩ ላይ ወርደው ወደ ውስጥ አዩ።

«ክፍሏ ባዶ ናት?»

«ባዶ ናት ሐጂ።»

«ስንት ታከራያታለህ?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ፣ ልጆቹም ድሬዳዋ ከገቡ ወዲህ፣ ያ ትልቅ ግቢ ለእሳቸውና ለአንድ ዘበኛ ቀርቷል። «ቤቴ ሰፊ ነው» አሉ፣ ዓይናቸውን ወደ መንገዱ መልሰው። «ሳስነጥስ እንኳ ይርሐሙከላህ የሚለኝ ሰው የለም። እዚህ ጋ መንገድ አለ። ሰው ያልፋል። ወይንሸት አለች። ቀን ቀን እዚህ ልቀመጥ።»

«ታዲያ ኪራይ ምን ያስፈልጋል? እንዲያው ይግቡ፤ የራስዎ ቤት አይደለም እንዴ?»

«የኔ አይደለችም፤ ፈርሜያለሁ። እንዲያው ከገባሁ እንግዳ ነኝ። እንግዳ ደግሞ ሦስት ቀን ነው፣ ከዚያ ይሄዳል።» ፔርሙዛቸውን ከባጃጁ አወጡ። «እኔ መሄድ አልፈልግም ባርሲሳ። ኪራይ ጥራ።»

አንድ ዋጋ ጠራሁላቸው።

«ውድ ነው» አሉና ፍራሻቸውን ዘረጉ።